ካሜራው ደረቴ ላይ

ገና ከሞተሩ ሳልወርድ እህቴ ካሜራውን ከደረቴ ላይ እየፈታች ነው። በአንድ እጇ። በሌላው ክራንቿን ተደግፋለች።

«መኪናው መታሽ?»

«ሳተኝ።»

«ታርጋውን አገኘሽው?»

«ክፈቺና እዪው እትዬ፣ እኔ ምኑን አውቄ።»

ላፕቶፑን የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ ታስቀምጣለች። ግራ እግሯ እስከ ጭኗ ጄሶ ነው። ያ የዳቦ መኪና ሹፌር ገፍቶ ቦይ ውስጥ የከተታት ቀን ካሜራው የታሰረው ሞተሩ መሪ ላይ ነበር። ቪዲዮው ተንቀጠቀጠ፣ ታርጋው አልነበብ አለ። ሹፌሩ ካደ። ትራፊክ ፖሊሱ ፊት ቆሞ፣ «ይሄ ታርጋ ነው ወይስ ዶሮ የጫረችው?» አለ። ፖሊሱም ሳቀ። ያ ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከዚያ ወዲህ ዕቃ የማደርሰው እኔ ነኝ፤ በእሷ ሞተር፣ በዚያው መንገድ። ሹፌሩ ሞተሩን ያውቀዋል። ባየው ቁጥር ይጠጋል። ጨዋታው ነው።

መጀመሪያ የካሜራውን ብሎን አጠበቅን። ባሰበት። ይበልጥ አጠበቅን፤ ጭራሽ ቪዲዮውን ስናየው ራሳችን ዞረ። ከሥሩ የጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ደረብንበት፤ ትንሽ ተሻለው። ትናንት እህቴ አልጋዋ ላይ እንደተጋደመች፣ «እኛ ደነዞች» አለች። «ንዝረቱን በብሎን እያቀበልነው እኮ ነው። አንቺ ላይ እንሰረው። ሥጋሽ ይዋጠው።»

«የት ያለ ሥጋ?»

«ያለሽ ይበቃል።»

አሁን ቪዲዮው ይሄዳል። እንደ ውሃ። አስፋልቱ፣ መኪናው፣ ታርጋው፤ ቁጥሩ ቁጭ ብሏል። መኪናው ይጠጋል። በመስኮቱ የሹፌሩ ጥርስ ሳይቀር ይታያል።

«አለቀልህ» እላለሁ። «አሁን ሳቅ።»

እህቴ ወደ ስክሪኑ ታጎነብሳለች። መልሳ ታጫውተዋለች። ደግሞ መልሳ።

ታርጋውን አይደለም የምታየው። ጣቷ ስክሪኑ ታችኛው ጥግ ላይ ነው። ካሜራው ደረቴ ላይ ስለነበር እጆቼም ገብተዋል።

መኪናው ይጠጋል። እጆቼ መሪውን ጭብጥ አድርገው ይዘዋል። አንድም ጣት ወደ ፍሬኑ አልሄደም።

መሪው ትንሽ ወደ መኪናው ዞሯል።