ሻሽ

ትርንጎ ከተወለደች ጀምሮ መስማት አትችልም። ተማሪ ሳለች መምህር አጥናፉ በምልክት እንዳታወራ እጆቿን በገዛ ሻሿ የፊጥኝ እያሰረ፣ «በአፍሽ ተናገሪ!» እያለ በአለንጋ ይገርፋት ነበር።

አምና የምልክት ቋንቋ የሥራ ቋንቋ ይሁን አይሁን ተብሎ ሕዝብ ሲወያይ ደግሞ ተነስቶ፣ «እጅ ማወናጨፍ መቼ ነው ቋንቋ የሆነው?» ብሎ አዳራሹን አሳቀ። ከንፈሩን አንብባ ጥርሷን ነከሰች።

ዘንድሮ በካንሰር ምክንያት ጉሮሮው ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ድምፁን አጣ። ትርንጎ የምልክት ቋንቋ ወደምታስተምርበት ክፍል አንገቱን ደፍቶ ገባና ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

ሌሎቹ ተማሪዎች እስኪወጡ ታገሰች። ከዚያ ሻሿን ፈታ እጆቹን ጥፍር አድርጋ አሰረች። ጎንበስ ብላም እሱ ገርፎ ባወጣላት በዚያ ሻካራ ድምፅ፣

«በአፍዎ ይናገሩ፣ ጋሼ!» አለችው።