አራተኛው ሮቦት

ሮቦቱ የተሸፈነው ቦይ ውስጥ ገብቶ ጥቂት እንደሄደ ይቆማል። ሚስራ ሪሞቱን ደጋግማ ትጫናለች። ሞተሩ ከውስጥ ያጓራል፤ ወዲያው እሱም ጸጥ ይላል።

ቦዩ ኮንጋ ከምትባል መንደር አጠገብ ያለ የአንድ ቡና ማጠቢያ ፍሳሽ መውረጃ ነው። የእሸት ቡናው ልጣጭ ተከማችቶ በስብሷል። ሽታው የትውከት ነው። ሚስራ አፍንጫዋን በሻርፗ ብትሸፍንም ምላሷ ላይ ይሰማታል።

"ሙሉካ! ግባና አውጣልን" ይላሉ መምህር ሽብሩ፣ የልጅ ስም የሚጠሩ ያህል።

ጋሽ ሙሉካ የማጠቢያው ሠራተኛ ናቸው። ቦዩ ሲደፈን በደረታቸው ተስበው እየገቡ በእጃቸው ይጠርጉታል። ሚስራና ሌሎቹ የዲላ ተማሪዎች ሮቦት መሥራት የጀመሩት የእሳቸውን እግር ካዩ በኋላ ነው፤ በጣቶቹ መካከል ቆዳው ነጥቶ ይላጥ ነበር።

የመጀመሪያው ሮቦት ትልቅ የመዛቂያ ብረት ነበረው፤ ከብዶት አልንቀሳቀስ አለ። ለሁለተኛው ብረቱን አሳጥረው የጋሪ ጎማ ገጠሙለት፤ ጭቃው ዋጠው። ሦስተኛው በሰንሰለት ሄደ፤ ብረቱ ግን አንሶ አንሶ መዳፍ ብቻ አክሎ ነበር። አራተኛውን ለአዲስ አበባው ውድድር ሲያዘጋጁ ከተማሪዎቹ አንዱ ዚያድ፣ "ዳኞቹ የሚያዩት ፍጥነት ነው፤ ብረቱ ምን ያደርግልናል?" አለ። መምህሩም ተስማሙ። ሚስራ ተከራክራ ተሸነፈች። በብረቱ ቦታ ሰማያዊ መብራት ገባ። ዋንጫም በላ።

ጋሽ ሙሉካ ሱሪያቸውን ይጠቀልላሉ።

"ቲቸር፣ የሠራነው እሳቸው እንዳይገቡ አይደል እንዴ?"

"አሁን የዚህ ጊዜ አይደለም፣ ሚስራ።" አሸናፊውን ሮቦት ሊቀርጽ ወደ መጣው ካሜራ ያዥ ይዞራሉ። "ሰውዬው ሲገባ እንዳትቀርጽ።"

ሚስራ የጋሽ ሙሉካን ክንድ ትይዛለች።

"ጋሼ፣ ይተዉት። እኔ እገባለሁ።"

"ተይ ልጄ፣ ልብስሽ ይበላሻል።"

ሪሞቱን ለዚያድ ሰጥታ በጉልበቷ ትገባለች። ልጣጩ ለብ ያለ ነው። ክንዷ ላይ ትል ሲሄድ ይሰማታል። ሮቦቱን ጎትታ ስታወጣው ዚያድ በሁለት ጣቱ ይቀበላታል።

"ጎበዝ! እጠቡትና እንደገና እንቀርጻለን" ይላሉ መምህሩ ወደ ኋላ እየሸሹ። "ከቦዩ አፍ ትንሽ ገባ ቢል ይበቃል።"

"ቦዩኮ እንደተደፈነ ነው።"

"እኛ ስንሄድ ሙሉካ ይጠርገው የለ!"

ሚስራ የመምህሩን ነጭ ሸሚዝ ታያለች፤ ዚያድ ጣቶቹን ሣር ላይ ሲጠርግ ታያለች። ከዚያ ዞራ ተመልሳ ትገባለች።

"ሚስራ! ምን ሆነሻል? ውጪ!"

ትዝቃለች፣ ወደ ኋላዋ ትገፋለች። ታስመልሳለች፤ ያንንም ከልጣጩ ጋር ትገፋዋለች። ከኋላዋ የጋሽ ሙሉካ እጆች እየተቀበሉ ያወጣሉ። ጨለማው ውስጥ ቆይቶ ቆይቶ፣ ከሆዷ ሥር ውሃው ቀስ ብሎ መሄድ ይጀምራል።