ተድላ በአንድ ወር ስንት ጊዜ እንደ ሞተ

በ2008 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ብቻ ተድላ ሃያ ሦስት ጊዜ ሞተ። ከሃያ ሦስቱ በአሥራ ዘጠኙ ሐኪሟ ከአሥር እርምጃ በማይበልጥ ርቀት ላይ ቆማ ነበር።

ቁጥሩን የያዘው ራሱ ነው። በዞኑ አንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ስለሆነ መቁጠር ልማዱ ነበር። ከቢሮ ሲወጣ በቀጥታ ቦንጋ መሐል ወዳለው የሱሩር ኢንተርኔት ቤት ይሄዳል። እዚያ አምስት ሆነው፣ መስመሩ ሲፈቅድ፣ በኢንተርኔት ከሌሎች ከተሞች ቡድኖች ጋር ይዋጋሉ።

ጨዋታው የሥራ ክፍፍል አለው። ተድላ ጋሻ ነው፤ ከፊት ሆኖ ምቱን ይቀበላል፣ ትእዛዝም ይሰጣል። መምህሩ ፍቃዱና ጨርቅ ነጋዴው ፈርሐት መቺዎች ናቸው። የባጃጅ ሹፌሩ ባፈና እየቀደመ ጠላት የት እንዳለ ይሰልላል። ሙባረካ ሐኪም ናት፤ ከኋላ ሆና የቆሰለውን ታክማለች።

ቡድኑን ያቋቋመው ተድላ ነው። ዕድሜው ሠላሳ ዘጠኝ ነበር፤ ከሌሎቹ አንዳቸውም ሃያ ስድስት አልሞላቸውም። ሁሉም «ጋሽ ተድላ» ይሉታል፤ ሲገባም ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ።

ሱሩር ጥብቅ ደንብ ነበረው። በጨዋታው የሞተ ሰው ሄድፎኑን አውልቆ ይነሣል፤ ዙሩ እስኪያልቅ ደጅ ይቆማል። ቀደም ሲል ሙቶቹ በሰው ትከሻ ላይ አጎንብሰው «ወደ ግራ! ከኋላህ!» እያሉ ሁለት ጊዜ ጠብ አስነሥተዋል፤ አንድ ኪቦርድም ተሰብሯል። ደንቡ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ተድላ በመጋቢት ሃያ ሦስት ጊዜ ደጅ ቆመ።

«ሙባረካ፣ ለምንድን ነው ያላከምሽኝ?»

«መድኃኒቱ አልደረሰልኝም፣ ጋሽ ተድላ።»

«ለፈርሐት እንዴት ደረሰ?»

«እሱ ቀረብ ብሎ ነበር።»

«እኔስ? ጅማ ነበርኩ?»

ፈርሐት ሳቁን በሳል ዋጠው።

አልቻለችበትም እንዳይል፣ ልጅቷ ሥራዋን አሳምራ ተምራለች። በጥር ስትጀምር የጮኸ ሁሉ ጋ ትሮጥ ነበር። አሁን የአራቱንም ደም በአንድ ዓይን ትከታተላለች፤ ሰው ከመመታቱ በፊት እጇ ይዘረጋል። በዚያው ወር ፍቃዱ ሦስት ጊዜ፣ ባፈና ሁለት ጊዜ ብቻ ሞቱ። ማዳን ያቃታት ሐኪም አልነበረችም። እሱን ማዳን የማትፈልግ ሐኪም ነበረች።

ተድላ ምክንያቱን ፍለጋ ሩቅ አልሄደም። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ኢንተርኔት ቤት የራሱ ቡድን ነበረው፤ መሪው ሻፊ የሙባረካ አጎት ልጅ ነው። በሚያዝያ ሁለቱ ቤቶች ይገናኛሉ፤ ያሸነፈው ቦንጋን ወክሎ ጅማ ለውድድር ይሄዳል። ተድላ የዓመት ፈቃድ ቅጹን ሞልቶ አስፈርሟል። በቢሮው ጉዳዩን ያልሰማ ሰው የለም፤ የሥራ ሂደት መሪው ሳይቀር «ካፒቴን» ይለው ጀምሯል።

ልጅቷን መከታተል ጀመረ። ሰኞ ሞተሩ በጠፋ ባጃጅ ውስጥ ከባፈና ጋር ሩብ ሰዓት ተቀምጣ አያት። ሲቀርብ ዝም አሉ።

«ወዴት ነው?»

«ገበያ ላደርሳት ነው» አለ ባፈና።

የባጃጁ አፍንጫ ከገበያው በተቃራኒ ዞሮ ነበር።

ረቡዕ ፈርሐት ሱቅ ገብታ ምንም ሳትገዛ ወጣች። ዓርብ ፍቃዱ ከትምህርት ቤት በር ጀምሮ ሸኛት። በአምስት ቀን ሦስት ሰው።

«አንድ በአንድ እየገዛቻቸው ነው» አለው ለሱሩር።

«ተው እንጂ ተድላ፣ ልጆች ናቸው» አለ ሱሩር፤ ጎንበስ ብሎም ኬብል መፍታት ያዘ።

ግጥሚያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሆነ። የመስመር መቆራረጥ ሰበብ እንዳይሆን የሻፊ ቡድን ሱሩር ቤት መጣ፤ አምስቱ በቀኝ፣ አምስቱ በግራ ተቀመጡ። ከሦስት ዙር ሁለቱን ያሸነፈ ጅማ ይሄዳል። ከመጀመሩ በፊት ተድላ ሙባረካን ለብቻዋ ጠራት።

«ዛሬ ከሞትኩ ጅማን አታይያትም።»

«እሺ፣ ጋሽ ተድላ።»

በመጀመሪያው ዙር አልሞተም። ሙባረካ አሥራ አራት ጊዜ አከመችው። እሱም አሥራ ሰባት ደቂቃ ሙሉ ትእዛዝ ሰጠ።

«ባፈና፣ ግባ! ተመለስ! ማን ተመለስ አለህ? ፍቃዱ ወደኔ! ፈርሐት አንተም ወደኔ!»

ተሸነፉ። ተድላ ሁለቱን መቺዎች በዓይኑ መዘናቸው። እጃቸው ከብዶ ነበር። ተገዝተዋል ማለት ነው።

በሁለተኛው ዙር ገና በአራተኛው ደቂቃ ከበቡት። ዞር ቢል ሙባረካ ስድስት እርምጃ ላይ ናት፤ ጀርባዋን ሰጥታ ፈርሐትን ታክማለች። ሞተ። ሄድፎኑን አውልቆ ደጅ ወጣ። ስምንት ደቂቃ ሳይሞላ ቤቱ በጩኸት ተናጋ፤ አራቱ አሸንፈው አንድ ለአንድ ሆኑ።

ተድላ ግን ደስታውን ለመካፈል አልገባም።

«ሃያ አራት!» አለ በሩ ላይ ቆሞ። «ሃያ አራት ጊዜ! ምንም በማታውቂበት ወቅት ወንበር ሰጥቼ ያስቀመጥኩሽ እኔ ነኝ። ማነው ይሙት ያለሽ?»

ሙባረካ ኪቦርዱ ላይ አቀረቀረች። «ጋሽ ተድላ፣ ሦስተኛው ዙር ሊጀመር ነው። ይቀመጡ።»

«ስሙን ሳትነግሪኝ አይጀመርም!»

«አልናገርም።»

«ታዲያ እሱ ይናገራ!» አለና ወደ ሻፊ ዞረ። «ያዘዛት ሰው እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። ወንድ ከሆነ እጁን ያውጣ!»

ሻፊ ግራ ገብቶት ጓደኞቹን አየ።

መጀመሪያ ፍቃዱ እጁን አወጣ፤ ቀጥሎ ፈርሐት፤ ቀጥሎ ባፈና፤ በመጨረሻም ከጠረጴዛው ጀርባ ሱሩር።