እንኳን አተረፈሽ

መኪና ሁሉ ሰው ሲያይ በራሱ መቆም ከጀመረ ወዲህ፣ አዳማ ላይ ግራ ቀኙን አይቶ የሚሻገር ሰው ጠፋ። ፍሬን ካልረገጡት የማይቆም የቀረው የጋሽ ወርዶፋ አሮጌ የውሃ ቦቴ ብቻ ነው።

ዛሬ ልጁ ሌንሴ ምሳውን ልታደርስለት መጥታ፣ ቀና እንኳ ሳትል አስፋልቱ መሃል ገባች። ጋሽ ወርዶፋ ፍሬኑ ላይ በሁለት እግሩ ቆመ። ቦቴው እያቃሰተ ሄዶ ሊነካት ስንዝር ሲቀረው ቆመ።

ከቦቴው ዘሎ ወረደ። «ልጄ፣ እንኳን እግዜር አተረፈሽ!»

«ከምን አባዬ?» አለች ግራ ገብቷት። «መኪና አይደል እንዴ? ይቆማል።»

ሕፃን ሳለች መንገድ ሲሻገሩ አውራ ጣቱን ጨብጣ አትለቅም ነበር። ሊያሻግራት እጁን ዘረጋላት። እሷ ግን ምሳ ዕቃውን አስጨበጠችውና፣ ግራም ቀኝም ሳታይ ተሻገረች።