የኩባ ትኬት ለአንድ ሰው

ሰብሐት ለክረምቱ ኩባ እንደሚሄድ የተናገረው እራት ላይ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ ነበር።

«ለሁለት ሳምንት ነው» አለ ሚስቱን ሉሊትን። «ቀጥታ ስለማይኬድ በሜክሲኮ በኩል ነው ቡክ ያደረግኩት። የተማርኩበትን አገር ልየው ብዬ ነው።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ቬኬሽንሽን ጨርሰሻል።»

«ያለ ክፍያ እወስዳለሁ። ሰብሐት፣ ተገኝን ካየሁት ሃያ ሁለት ዓመቴ እኮ ነው!»

«ፔፐርወርኩ ያስቸግራል። ሌላ ጊዜ» አለና ተነሳ።

ተገኝ ታናሽ ወንድሟ ነው። አባታቸው ጦር ሜዳ ላይ ሲሞት፣ በአሥራ አንድ ዓመቱ ከሌሎች የወታደር ልጆች ጋር በመርከብ ተጭኖ ለትምህርት ወደ ኩባ ተላከ። ሰብሐት የመርከቡም የዶርሙም ጓደኛው ነበር። ሌሎቹ ተበታትነው ሲወጡ ተገኝ እዚያው ቀረ፤ እንደሚጽፍላት ስልክ የሌለበት ገጠር ውስጥ የእርሻ ባለሙያ ነው። ፎቶ መላክ አይሆንለትም፤ ደብዳቤ ግን አያቋርጥም። ፊደሉ የልጅ እጅ እንደጻፈው የተንጋደደ ነው። «ስፓኒሽ ሲጽፍ ኖሮ አማርኛው ጠፋበት፣ የኔ ጌታ» ትላለች ሉሊት እያነበበች። ስፔኖች ስለሠሩት የድንጋይ ምሽግ፣ ቀለማቸው ስለተላላጠ ባለ በረንዳ ቤቶች፣ እሁድ እሁድ ስለሚዋኝበት ነጭ አሸዋ ይጽፍላታል። አንድ ጊዜ ደግሞ፣ እሷ ሳትነግረው፣ የታመመ ጉልበቷ እንዴት እንደሆነ ጠይቋት ነበር።

ሰብሐትን ያገኘችውም በእሱ ምክንያት ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ አንድ እሁድ ማለዳ፣ ቻምብሊ ሰፈር የነበረውን አፓርታማዋን አንኳኳ። እሷ የእናቷን መርዶ ከሰማች ገና ወር አልሞላትም፤ ጥቁር ለብሳ ለብቻዋ ተቀምጣለች። የማታውቀው ሰው የተገኝ ጓደኛ ነኝ ሲላት አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«ተገኝስ? ደህና ነው?»

ሰውየው ውሃ ለመናት። ጠጥቶ ሲጨርስ «ደህና ነው፤ ሰላም ብሎሻል» አላት። ከዚያ በየሳምንቱ እየተመላለሰ ሲጠይቃት ቆይቶ ተጋቡ፤ አቮንዴል እስቴትስ የሚባል ሰፈር ቤት ገዙ። እንዲህ ያለ ለስላሳ ሰው ይከዳኛል ብላ መቼ አስባ!

ተደብቆ ስልክ ማውራቱ የጀመረው ዘንድሮ፣ በፈረንጆቹ 2001፣ በአበሻ ገና ሰሞን ነው። ሰብሐት በስፓኒሽ ሲያወራ መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ይዘጋል። አንድ ቀን መስኮቱ ተከፍቶ ስለነበር «ሚላግሮስ» ሲል ሰማችው። ዓይኖቹ በእንባ ቀልተዋል። ለእሷ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ሉሊት ለማን ትናገር? እናት የላት፣ እህት የላት። ለወንድሟ አራት ገጽ ጻፈችለትና ራሷ ፖስታ ቤት ወስዳ አስገባች። መልሱ በሁለት ወሩ መጣ። «ሰብሐት ከአንቺ በቀር ሴት የለውም፤ ለዚህ እኔ ምስክር ነኝ። እባክሽ ታገሺው» ይላል። ያን ቀን በወንድሟም አዘነች። ወንዶች መቼም እርስ በርስ መሸፋፈን ይችሉበታል።

አሁን ደግሞ ይኸው፣ ትኬት ለአንድ ሰው። ነገሩ ፍንትው ብሎ ታያት። ሴትየዋ እዚያ ናት፤ ምናልባት ልጅም አለ። ወንድሟን እንዳታይ የሚከለክላት የራሱ ገመና እንዳይወጣበት ነው። ከሁሉም ያንገበገባት ይሄኛው ነው። ሌሊቱን ስታለቅስ አድራ ፊቷን ታጥባ ሥራ ገባች።

የምትሠራው ላውንድሪ ቤት ነው፤ ኪስ ሳትፈትሽ የማንንም ልብስ ማሽን ውስጥ አትከትም። የዚያን ዕለት የሰብሐትን ኮት ለማጠብ ይዛ መጥታ ነበር። ከውስጥ ኪሱ የኩባ ቴምብር ያለበት ፖስታ ወጣ። ላኪዋ ሚላግሮስ፣ ጽሑፉ ስፓኒሽ።

አብራት የምትሠራው ጓቲማላዊቷ ግራሲዬላ ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። ሉሊት ደብዳቤውን ዘረጋችላት።

«አንብቢልኝ። ምንም እንዳትደብቂኝ። ማታ ልብሱን ሰብስቤ ደጅ ነው የማወጣለት።»

ግራሲዬላ ካውያዋን አቆመች። ወረቀቱን አንዴ ለራሷ አነበበችው። ከዚያ ወንበር ሳበችና «ቁጭ በይ» አለቻት።

«ቆሜ እሰማለሁ። ፍቅረኛው ናት አይደል?»

«አይደለችም» አለች ግራሲዬላ። ድምፅዋ ተለውጧል። ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ እየመለሰች አነበበችላት፦

«ሰብሐት፣ ለተገኝ የሚመጡትን ደብዳቤዎች ለአንተ መላክና አንተ በስሙ የምትጽፋቸውን መልሶች እዚህ ፖስታ ቤት ማስገባት ከእንግዲህ አይሆንልኝም፤ ዘንድሮ አጽሙን ልትወስድ ስትመጣ እህቱንም ይዘሃት ና።»