አንድ ሰው ይጎድላል

«ጋሽ ፀሃዬ፣ አንድ ሰው ይጎድላል» ትለኛለች ልጅቷ ከላፕቶፗ ቀና ሳትል።

ፀሎት ትባላለች። ለማስተርስ ጥናቷ የታራሚዎችን ቁጥር ልትወስድ ከዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ይዛ መጥታ፣ ሦስት ወር ካመላለስኳት በኋላ ዛሬ እኔው ቢሮ ጥግ ላይ ወንበር ሰጥቻታለሁ። የቀራት ማኅተም ብቻ ነው። ማኅተሙ ደግሞ እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው።

«የቱ ጋ ነው የሚጎድለው?»

«ከአንዱ ማረሚያ ቤት ወደ ሌላው ተዛወሩ የተባሉት አራት መቶ አስራ ሁለት ናቸው። ተቀባዮቹ ግን አራት መቶ አስራ አንድ ነው የሚሉት። ማለቴ፣ የወጣ ሁሉ የሆነ ቦታ መግባት አለበት አይደል?»

ጎበዝ ናት። ጎበዝ ሰው ነፍሴ አትወድም።

«መንገድ ላይ ይሆናላ።»

«ከጥር ጀምሮ?»

እሺ፣ ማወቅ ካማራት ትወቀው። «ስሚ» እላታለሁ። «ታራሚ ሲሞት ቤተሰቡ ተጠርቶ ይፈርማል። ያልተፈረመበት ሞት ‹የሞቱ› የሚለው ዓምድ ውስጥ አይገባም። ሰውየው ግን ከነበረበት ወጥቷል፤ ቁጥሩ አንድ ቦታ መቀመጥ አለበት። እስኪፈረም ‹የተዛወሩ› ውስጥ ይቀመጣል። በቃ።»

«ሞቶ?»

«ሳንባ ነው አሉ። ለቤተሰቡ ደብዳቤ ጽፈናል፤ አድራሻው እዚሁ ካዛንቺስ ነበር። ቤቱ ፈርሶ ደብዳቤው ተመለሰ። ምን ላድርግ፣ ፍርስራሹን ላስፈርም?»

«መርዶ በደብዳቤ?» ትላለች። ሰው ጎረቤት ሰብስቦ በማለዳ የሚያረዳበት አገር ልጅ ናት። ጎረቤቱስ ቢሆን የት አለ? አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ተበትኗል።

ይህን አሠራር ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ አልደብቅም። በዚህ ሩብ ዓመት የሞተ ዜሮ። ሪፖርቱ ዓርብ ይገባል፤ አለቃዬ ገብረዋህድ ከአሁኑ ፊቱ በርቷል። ዜሮ ከሰማይ አይወርድም፤ ሰው ይሠራዋል።

በሩ ይንኳኳል። አንዲት አሮጊት ደረጃው አድክሟቸው፣ በአንድ እጃቸው የበሩን መቃን ይዘው ይቆማሉ።

«እንደምን አደራችሁ ልጆቼ። አድራሻ የሚያስመዘግቡት አራተኛ ፎቅ ነው ብሎኝ ነው ጥበቃው።»

«ምን ነበር እማማ?»

«ጀማነሽ እባላለሁ። ልጄ አምኃ እናንተው ጋ ነው። ሊፈታ አምስት ወር ነው የቀረው። ጥር ላይ ስንቅ ይዤ ብሄድ ተዛውሯል አሉኝ። ወዴት ብል፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ጠይቂ አሉኝ። እኔን ያስጨነቀኝ ደግሞ ቤቱ ነው። እዚህ ፈርሶብን ገላን ጉራ ሰጡን። ሲፈታ እየሮጠ እዚሁ ነው የሚመጣው፤ ቤቱን ሲያጣው ያብድብኛል። እስቲ መዝገቡ ላይ አዲሱን ጻፉልኝ።»

የፀሎት ጣቶች ኪቦርዱ ላይ ደርቀው ቀርተዋል።

እማማ ጀማነሽ ወደ መስኮቱ ተጠግተው ቁልቁል ያያሉ። «ያ ሳይክል የሚሄድበት፣ እሱ ጓዳዬ ነበር» ይላሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ፀሎት ከወንበሯ ትነሳለች። «እማማ...» 

መሳቢያዬን ከፍቼ ማኅተሙን አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። «ፀሎት፣ ቁጥር ከተነካ ሠንጠረዡ እንደ አዲስ ነው የሚጸድቀው። ሌላ ሦስት ወር። ዲፌንስሽ መቼ ነበር ያልሽኝ?»

«ሰኔ አስራ ሁለት።»

«እና እማማን ምን ልትያቸው ነበር?»

አሮጊቷ ዞር ብለው ፈገግ እንዳሉ ይጠብቋታል። ልጅቷ ማኅተሙን ታያለች፣ እኔን ታያለች።

«ይቀመጡ» ትላለች። «ይቀመጡ ልልዎት ነው።» ወንበሯን ትስብላቸዋለች።

«ወግ ማዕረግ ያሳይሽ፣ የኔ ልጅ!»

አላሳዘኑኝም ብል ውሸት ነው። ዓርብ ግን ዓርብ ነው። የአምኃን ፋይል እስብና እስክሪብቶ አነሳለሁ።

«ገላን ጉራ። ብሎክ?»

«አስራ ስምንት። ሁለተኛ ፎቅ። በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ ሰው ይሳሳታል። እኔ ደጃፉ ላይ ጤና አዳም በጣሳ ተክያለሁ። ድሮም ደጃችን ላይ ነበረች፤ እሷን ካየ ቤቱን ያውቀዋል። እሷንም ጻፍልኝ፣ የኔ ጌታ።»

«ጽፌያለሁ።»

«አሁን የት ነው ያለው ልጄ?»

«ዝውውር ላይ ነው እማማ። ደብዳቤ ይደርስዎታል።»

«ይደርሰኛል? እሰይ! እሰይ!» እጄን ይዘው ሊስሙት ይጎነበሳሉ። «ኧረ ይተዉ እማማ» እላለሁ፤ ግን ስመውታል። ደረጃውን ሲወርዱ ምርቃታቸው እስከ ታች ይሰማል።

የፀሎትን ሠንጠረዥ ማኅተም እመታበታለሁ። ትቀበለኝና ሳታየው ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። ላፕቶፗን ዘግታ ትወጣለች።

ከመሳቢያዬ ሥር የተመለሰውን ፖስታ አወጣለሁ። ሪፖርቱ ዓርብ ይገባል፤ ይሄ ሰኞ ይላካል። የፈረሰውን ቤት ቁጥር በቀይ እሰርዝና ከሥሩ አዲሱን አድራሻ በጥሩ እጅ ጽሑፌ እጽፋለሁ። ፖስተኛው በር እንዳይሳሳት፣ ጤና አዳም የተተከለባት ጣሳ ያለችበት ብዬ እጨምራለሁ።