ባዶዋ ካርድ

ኮምፒውተሩ ከሃያ ሺህ ቃል መካከል በአንዷ ላይ አሻፈረኝ አለ። ልጅቷ፣ አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ በካርድ በካርድ የጻፉትን መዝገበ ቃላት ወደ ማሽን ስታስገባ፣ በየካርዱ ጥግ ያለውን «ይህንንም ቃል ተመልከት» የሚል ማስታወሻ ሁሉ፣ ሲነኩት ወደዚያው ቃል እንዲወስድ አድርጋ አያይዛዋለች። «በደል» ሲነካ ወደ «ይቅርታ» ይመራል፤ «ቂም»ም፣ «እርቅ»ም እንደዚያው። ሦስቱም ግን የሚያደርሱት ባዶ ገጽ ላይ ነበር። ሥራው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ማተሚያ ቤት መግባት አለበት።

«አባባ፣ የ‹ይቅርታ› ካርድ የት ገባች?»

ሽማግሌው ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ መንቆራጠጣቸውን አላቆሙም። «ማሽንሽ ተሳስቶ ይሆናል።»

«ማሽኑ እርስዎ ያልጻፉትን ከየት ያመጣል?» አለች፣ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን እያወዛወዘች። እሳቸው እንኳን ካርድ፣ የብዕር ክዳን ጠፍቷቸው አያውቅም። «በቃ፣ ትርጉሙን በአፍ ይንገሩኝና ልጻፈው።»

አባቷ ቀጥ ብለው ቆሙ። እጃቸውን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ሰደዱና ጠርዟ ያለቀ ካርድ አውጥተው ጣቶቿ አጠገብ አስቀመጡላት። ካርዷ አናት ላይ «ይቅርታ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ ምንም የለም።

«ወንድምሽን ከቤት ያባረርኩ ዕለት የጀመርኳት ናት። እጄ እምቢ አለኝ።»

ቀና ስትል ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል።

«ማተሚያ ቤቶቹን እስከ ነገ ታገሡን በያቸው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «የወንድምሽ ስልክ... ያው የድሮው ነው?»